ሆዱ ይጻፍ፣ አፉ አይጻፍ

ወደ ሰሜን ወሎ የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ሥራዬ ቅጽ ማዘጋጀት ነው። ይዞታ በኮምፒውተር ሲመዘገብ በየሳጥኑ ምን እንደሚሞላ፣ የትኛው ሳጥን ባዶ ከቀረ ኮምፒውተሩ «አልቀበልም» እንደሚል የምንወስነው እኔና ሦስት ባልደረቦቼ ነን። እኛ ይህን ስታንዳርድ እንለዋለን። እናቴ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ሳጥን ትሠራለች» እያለች ስለምትናገር፣ አናጢ መስዬአቸው ቁም ሣጥን ሊያሠሩኝ የመጡ ሰዎች ነበሩ።

የድሮው ምዝገባ መሬትን እንደ ምንጣፍ ነው የሚያየው፤ ርዝመትና ስፋት ብቻ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ከሥሬ ሌላ ሰው አለ፣ ከላዬም ሌላ ሰው አለ፤ ሁላችንም አንዲት ምንጣፍ ላይ ተደራርበናል። ስለዚህ አዲሱ ስታንዳርድ ከፍታና ጥልቀትም ይጠይቃል። የማን መብት ከየት ተነሥቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እስከ የት እንደሚዘልቅ ማለት ነው። ከሳጥኖቹ ሁሉ የምኮራበት «መግቢያ» የሚለው ነበር። አንድ በር የሌለው ዕቃ ቤት በሁለት ሰው ስም ተመዝግቦ ሰዎቹ ሲካሰሱ ካየሁ በኋላ እኔው ነኝ ያስገባሁት፤ መግቢያው ያልተጻፈ ክፍል አይመዘገብም።

ጦርነቱ ጋብ ብሎ ሰው ወደ ቀዬው በተመለሰበት ጊዜ፣ በሀብሩ ወረዳ የተበታተኑት የመሬት መዝገቦች እንደ አዲስ ይጻፉ ነበር። «ከተጻፈ አይቀር በአዲሱ ይሞከር» ተባለና እኔ ተላክሁ። መንገዱ ሰባት ቀን ወሰደብኝ። ወደዚያ ለማይሄዱ ሰዎች እንዳየሁት እጽፈዋለሁ። የሰዎቹን ስም ግን ቀይሬአለሁ፤ አንድ ነገር ደግሞ ሆን ብዬ እተዋለሁ። የተውኩት ምን እንደሆነ ቦታው ላይ ስደርስ እናገራለሁ።

የመጀመሪያው ቀን

አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል የተባለው አውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣ። እኔ አርፌ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ጥፍሬን እበላለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ታገሡኝና በመጨረሻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ መውረድ አስፈልጎሽ ነው? እኔ ልንገርልሽ?» አሉኝ። አለመሆኑን ባስረዳቸውም አላመኑኝም፤ በቆምንበት ሁሉ ቀድመው መንገድ ያስለቅቁልኝ ነበር።

ጣርማበር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ሥራዬ ትዝ አለኝ። ከላያችን ሰው ገብስ ያርሳል፣ እኛ ከሥሩ በአውቶቡስ እናልፋለን። ገበሬው የያዘው ደብተር ይህን አያውቅም፣ መንገዱን የሠራውም ገብሱን አያውቅም። ይህን ለሴትዮዋ ብነግራቸው «ተራራው እስካልወደቀብን ድረስ ምን ቸገረን» ብለው እንቅልፋቸውን ቀጠሉ።

ከሚሴን አልፈን ጎማ ተነፈሰ። ሙቀቱ የአዲስ አበባን ሰው ያቀልጣል። አንድ የሱቅ ባለቤት ምንጣፍ አውጥቶ ጥላ ሥር አነጠፈልንና ማንንም ስም ሳይጠይቅ በጆግ ውሃ አዞረ። እኛ ሰፈር ጎማ የተነፈሰበት ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ምክር ነው። ደሴ ስንደርስ ጨልሟል፤ ያረፍኩበት ሆቴል ቧንቧው ደርቋል። ባለቤቷ «ውሃው ከወራት በኋላ ትናንት መጣና ዛሬ ሄደ» ብላ ከራሷ ቤት አንድ ጄሪካን የሞቀ ውሃ አመጣችልኝ። ይቅርታም ጠየቀችኝ፤ ይቅርታው ከውሃው በላይ አሳፈረኝ።

ሁለተኛው ቀን

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚኒባስ ነው የሚኬደው። ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳን አልፎ ቁልቁል ወደ መርሳ ይወረዳል። መንገዱ ዳር የተቃጠሉ መኪኖች ነበሩ። ተሳፋሪው ሁሉ እነሱ ጋ ሲደርስ ወሬውን ያቋርጥና ካለፈ በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል። እኔ ብቻ ነኝ አንገቴን ያዞርኩት።

አንድ ኬላ ላይ ሻንጣዬ ተፈተሸ። ፈታሹ ወጣት ሚሊሻ ከፍታ የምለካበትን መሣሪያ አውጥቶ አገላበጠው።

«ይህቺ ምንድን ናት?»

«መሬት የምለካበት ናት። ከሳተላይት ቁጥር ትቀበላለች።»

ሳተላይት የሚለው ቃል ከአፌ እንደወጣ ስህተቴ ገባኝ። ሚኒባሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። የድጋፍ ደብዳቤዬ ተነበበ፣ ማኅተሙ ለፀሐይ ተይዞ ታየ፣ አለቃው ተጠራ። አለቃው ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ጥላ ውስጥ ወንበር ሰጡኝ፣ ከያዙት ቆሎም ግማሹን መዳፌ ላይ ገለበጡልኝ። «እህቴ፣ አንቺን አልጠረጠርንም» አሉኝ፣ «ዕቃውን ነው። ስትመለሺ ከዚህ ትወስጃለሽ።» የተረከቡበትን ወረቀት ጽፈው ፈረሙልኝ። የጠበቁኝ ተሳፋሪዎች አንድም ቃል አልተናገሩኝም። አዲስ አበባ ቢሆን ሾፌሩ ጥሎኝ ሄዶ ነበር።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የቀረኝ መሣሪያ የሚጠቀለል ሜትር ብቻ ነው።

መርሳ ላይ ሰይድ ጠበቀኝ። ሰይድ የወረዳው የመሬት ባለሙያ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፣ ቀጭን፣ ሳቂታ። ስለ መሣሪያው ስነግረው «አብሽሩ፣ ኢንጂነር! ሰው በዱላ ሲለካ የኖረው መሬት ነው» አለኝና ማንጎ ልጦ ሰጠኝ። አዲስ አበባ የምንበላው ማንጎ የዚህኛው የሩቅ ዘመድ ነው። ቢሮው ገብቼ መደርደሪያውን አየሁ። የየቀበሌው ስም በማርከር ተጽፎ ተለጥፏል፤ ከስሙ ሥር ምንም የለም።

«ሕዝቡስ?» አልኩት።

«ሕዝቡማ ደብተሩን ይዞ ነው የሸሸ። ልብሱን ጥሎ ደብተሩን ያነገተ ስንት አለ። የጠፋው እኛ ጋ ያለው ነው።»

ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ወልድያ ገባሁ። ከዋናው መንገድ በቀጥታ የሚገባበት ሆቴል ነው። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ «የቀረን ምድር ቤት ነው» አለችኝ። ምድር ቤት አልወድም፤ ግን ምን አማራጭ አለ፣ ሁለት ደረጃ ቁልቁል ወረድኩ። ክፍሉን ከፍቼ መጋረጃውን ስስበው ብርሃን ሞላው። ከመስኮቴ ሥር፣ አንድ ፎቅ ያህል ወደ ታች፣ ባጃጆች ይተላለፋሉ። ወልድያ ዳገት ላይ ያለች ከተማ ናትና ሆቴሉ በፊት ለፊት ሲታይ ክፍሌ መሬት ውስጥ፣ በጀርባው ሲታይ ፎቅ ላይ ነው። ብቻዬን ሳቅሁና ማስታወሻዬ ላይ «የወልድያ ምድር ቤት» ብዬ እንደ ቀልድ ጻፍኩት። ቀልዱ በኋላ ነው የዞረብኝ።

ሦስተኛው ቀን

ወደ መርሳ ስመለስ ሲሪንቃ ላይ የምርምር ማሳዎቹን አየሁ። በየቁራጩ መሬት ጫፍ ቁጥር ያለበት ትንሽ ሰሌዳ ቆሟል። ሁሉም ነገር ስምና ቁጥር አለው፤ እንደኔ ላለ ሰው ገነት ነው። ከመርሳ ሰይድ ጋር በባጃጅ ግራና ወደምትባል ትንሽ ከተማ አቀናን። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ስለሆነ ቅጾቹን ደረቴ ላይ አቅፌ ነበር የሄድኩት።

ሰይድ ለሙከራ የመረጠው ሁለት ጎረቤታሞችን ነው። በታችኛው ግቢ አቶ ሞላ አሉ፤ አምሳ ዓመት የሚሆናቸው ክርስቲያን ነጋዴ። ቤታቸው በጦርነቱ ተቃጥሎ ከነቤተሰባቸው ሸራ ሥር ነው የሚኖሩት። ድንጋይና አሸዋ ከምረው፣ ቦታቸው ጠባብ ስለሆነ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ክረምቱ ሳይገባ ሊጀምሩ ቸኩለዋል። በላይኛው ግቢ እማማ ዘይነባ አሉ፤ ባላቸው ከሞተባቸው የቆዩ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ዓይናቸው የማይሸወድ እናት። ሁለቱን ግቢ የሚለየው የድንጋይ ካብ ነው። ካቡ ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ ሁለት ሜትር ይሆናል። ከአቶ ሞላ ግቢ ወደ እማማ ዘይነባ ግቢ የሚወጣው በድንጋይ ደረጃ ነው፣ ጉልበቴን ፈትኖታል።

ነገሩ ይህ ነው። የእማማ ዘይነባ ባል በጎልማሳነቱ የማሽላ ጉድጓድ ቆፍሯል። አፉ በላይኛው ግቢ ነው። አንገቱ ቁልቁል ይወርድና ሆዱ ወደ ጎን ሰፍቶ በካቡ ሥር አልፎ ከአቶ ሞላ ግቢ ሥር ይተኛል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም፤ አቶ ሞላን ጨምሮ አምስት ቤተሰብ ማሽላውን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። አካባቢው ተይዞ በነበረባቸው ወራት ጎተራ ሁሉ ሲራቆት ያ ጉድጓድ አልተገኘም። አሁን ግን የቤት መሠረት ሊቆፈር ነው።

«እኔ የምቆፍረው ሜትር ተኩል ነው» አሉ አቶ ሞላ። «ጉድጓዱ ከዚያ በታች ከሆነ ደስታዬ። ማሽላዬም እዚያው ነው። ከፍ ብሎ ከሆነ ግን ቤቴን የት ልሥራ?»

ጥልቀቱን የሚያውቀው የቆፈረው ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ የለም። እማማ ዘይነባ ክዳኑን አስከፍተው «ይተንፍስ» አሉና ረጅም ሰዓት አስጠበቁን፤ የጉድጓድ አየር ሰው ይገድላል። እኔ ግቢውን ስዞር፣ ስቀመጥ፣ ስነሣ «ይቺ ልጅ እሳት ላይ ነው እንዴ የተቀመጠች?» ብለው ሰይድን ጠየቁት። በኋላ ድንጋይ ያሰርኩበትን ሜትር ከአፉ ቁልቁል ለቀቅሁ፣ ሰይድ በረጅም ቆልማማ እንጨት አንገቱ የሚያልቅበትን ዳሰሰ። የሆዱ ጣሪያ ሦስት ሜትር ላይ ነበር።

ቅጹን ዘርግቼ መሙላት ስጀምር እማማ ዘይነባ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ሆዱ ይጻፍ። አፉ ግን አይጻፍ።»

«እማማ፣ ቅጹ መግቢያውን ይጠይቃል።»

«ይጠይቅ! ጠመንጃ ደግነው ሲጠይቁኝ ወላሂ ትንፍሽ አላልኩ፤ አሁን ለወረቀት ልናገር? ወረቀት ከሰው እጅ ሰው እጅ ይሄዳል።»

ሰይድ «እማማ፣ ሆዱ ከተጻፈስ ከላይ አይቆፍሩትም?» አላቸው።

«ቸኩሎ የሚያልፍ ሰው መቆፈር አይወድም። ክዳን ነው የሚፈልግ።»

እኔ ራሴ ያስገባሁትን ሳጥን ባዶ ተውኩት። ሆን ብዬ እተዋለሁ ያልኩትም ይህንኑ ነው፤ ግቢው ሰፊ ነው፣ አፉ የት እንደሆነ እዚህም አልጽፍም። ጥልቀቱን ግን በግልጽ ጻፍኩ፦ «ከመሬት ወለል በታች ሦስት ሜትር»። ሰይድ ማኅተም መታበት፣ አንድ አንድ ቅጂ ለሁለቱም ሰጠናቸው። አቶ ሞላ ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና «እንግዲያስ ከነገ ወዲያ ደቦ እጠራለሁ» አሉ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ።

እማማ ዘይነባ ሳልበላ አልለቀቁኝም። የማሽላ እንጀራው የተለየ ሽታ ነበረው፤ እርጥብ አፈርና ጭስ የተቀላቀለበት ዓይነት። ለመጀመሪያው ጉርሻ ፊቴን አጨማደድኩ፣ በሦስተኛው ተላመድኩት። «የጉድጓድ ማሽላ ነው፤ ያልለመደ ይሸተዋል፣ የለመደ ያለሱ አይጠግብም» አሉኝና በጣፈጠ አብሽ አወራረድኩት። መርቀው ሸኙኝ። ወልድያ እስክገባ ድረስ ራሴን ስኮፍስ ነበር፤ መብቱንም አስመዘገብኩ፣ ምሥጢሩንም ጠበቅሁ።

አራተኛው ቀን

ቀኑን ወልድያ ቢሮ ለቢሮ ስዞር ዋልኩ። መብራቱ ሄዶ ይመጣል። ያስረዳኋቸው ሰዎች በትዕግሥት ሰሙኝ፤ አንዱ «ለመሬቱ ሦስት አቅጣጫ አመጣሽለት፣ ለእኛ ደግሞ አንድ ኮምፒውተር ብታመጪልን» አለኝና አብረን ሳቅን።

ከሰዓት በኋላ የያዝኩት ባጃጅ ዋናው መንገድ ስለተጨናነቀ በታችኛው መንገድ ዞሮ ከሆቴሉ ጀርባ አወረደኝ። ቀና ስል መስኮት ላይ ያሰጣሁትን ፎጣዬን አየሁት። ፎጣዬ ፎቅ ላይ ነው። መቀበያዋ ልጅ ምድር ቤት የምትለው ክፍል ከራሴ በላይ ነው።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሦስት ሜትር ብዬ የጻፍኩት ከየትኛው መሬት ነው? የለካሁት ከአፉ ነው፤ አፉ ደግሞ በላይኛው ግቢ ነው። የአቶ ሞላ ግቢ ከዚያ በሁለት ሜትር ዝቅ ይላል። ሦስት ሲቀነስ ሁለት፣ አንድ። ከአቶ ሞላ እግር ሥር እስከ ጉድጓዱ ጣሪያ ያለው አንድ ሜትር ነው፤ እሳቸው ሜትር ተኩል ሊቆፍሩ ነው። መግቢያውን ብጽፈው ኖሮ ሦስት ሜትሩ ከየት እንደተነሣ ማንም ያይ ነበር። ባዶ የተውኩት ለእማማ ዘይነባ ብዬ ነው፤ ባዶው ሳጥን ምን ይዞ እንደሚሄድ ግን አላሰብኩም።

ሰይድ ጋ ደወልኩ፤ አይሠራም። ግራና ሄዶ መሆን አለበት፤ እዚያ ኔትወርክ የለም። ወደ መነኻሪያ ሮጥኩ፤ ለሰዓት እላፊው ስለቀረበ መርሳ የሚወርድ ሚኒባስ የለም። አንዱን ባጃጅ ለመንኩት፤ «እህቴ፣ ኬላው ተዘግቷል፤ እኔንም አንቺንም እዚያው ያሳድሩናል» አለኝ። ያቺን ሌሊት እንዴት እንዳነጋኋት አልጽፍም።

አምስተኛው ቀን

ጠዋት መጀመሪያ ያገኘሁት አይሱዙ ላይ ወጣሁ። ሲሪንቃ ስንደርስ ጭስ አወጣና ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ሲነካካ፣ እኔ አስፋልቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ስል፣ ዶሮዎች አስሮ ወደ ገበያ የሚሄድ ባለሞተር አለፈ። ሾፌሩ አስቆመውና «ይቺ ሴትዮ ልታብድብኝ ነው፣ ውሰዳት» አለው። የት እንደምሄድና ለምን እንደሆነ ስነግረው ሰውየው ዶሮዎቹን ለሾፌሩ አደራ ሰጥቶ ግራና ድረስ ወሰደኝ። ስሙን እንኳ በቅጡ አልጠየቅሁትም።

የአቶ ሞላ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ሃያ የሚሆኑ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤቶች በደቦ ይቆፍራሉ፤ ሰይድም እጅጌውን ጠቅልሎ መሐላቸው አለ። ቦዩ ከጉልበት በላይ ወርዷል። አንዱ ዶማውን አቁሞ «እዚህ ጋ መሬቱ ያስተጋባል» ሲል ሰማሁት።

«ውጡ! ከጉድጓዱ ውጡ!» እያልኩ ሮጥኩ።

እዚያ አገር በዚያ ጊዜ ሴት እየጮኸች ስትሮጥ ትርጉሙ አንድ ብቻ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ዶማና አካፋ ተጣለ። ግማሹ ሰው ልጆቹን ሊሰበስብ ወደ ቤቱ ሮጠ። የአቶ ሞላ ባለቤት ከሸራው ውስጥ የታሰረ ጓዝ ይዘው ወጡ፤ ጓዙ ሁልጊዜ ታስሮ ነው የሚቀመጠው። አንድ አዛውንት ክንዴን ጨብጠው «እስከ የት ደርሰዋል? መርሳን አልፈዋል?» አሉኝ።

«ማንም አልመጣም» አልኩ። «ማንም አልመጣም፣ አባቴ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ሰው ሁሉ ተመልሶ እስኪሰበሰብ፣ ጓዙ እስኪገባ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ የቆምኩበት ቦታ ደግሞ የምር ሊውጠኝ ይችል ነበር። ከዚያ የሦስቱን፣ የሁለቱንና የአንዱን ሜትር ነገር ካቡን በእጄ እየለካሁ አስረዳሁ።

አቶ ሞላ ወረቀቱን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። «እህቴ፣ ሦስት ሜትር ይላል። ማኅተም አለው። እኔ ወረቀት አምኜ ነው ሰው የሰበሰብኩት። አሁን አንዱ ልጅ ገብቶ ቢቀር ኖሮስ?» አሉኝ። ቀጥለው ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡና ቀስ ብለው «ክረምቱስ ይጠብቀኛል?» አሉ። ቁጣቸውን ችዬው ነበር፤ ይህኛው ነው ያስለቀሰኝ።

እማማ ዘይነባ ለደቦው ምሳ ሊያመጡ ደረጃውን እየወረዱ ሁሉንም ሰምተዋል። ድስቱን አስቀመጡና ቦዩን ዞረው አዩት።

«ሞላ» አሉ፣ «ቤቱን ወደዚያኛው ጥግ ውሰደው፤ ሆዱ እዚያ አይደርስም።»

«እዚያ ቦታው አይበቃኝም፣ እማማ። አንቱም ታውቁታላችሁ።»

«ካቡን አፍርሰህ ወደኔ ሁለት እርምጃ ግባ። እኔ ከሥርህ ይዣለሁ፤ አንተ ከጎኔ ያዝ።»

አቶ ሞላ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲሉ እማማ ዘይነባ «ተው ወዲያ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ» ብለው ገፈተሯቸው።

ከምሳ በኋላ እንደገና ለካን። «ስታንዳርዱ ከባሕር ወለል ይለካ ይላል» አልኩ፤ መሣሪያው ግን ኬላ ላይ ነው። እማማ ዘይነባ «ባሕር? የትኛው ባሕር?» አሉ። «እዚህ የለም» ስላቸው «እንግዲያ እዚህ ካለው ለኪ» አሉኝ። መንገዱ ዳር የግራና ሰው ሁሉ ሸክሙን የሚያሳርፍባት ጠፍጣፋ ቋጥኝ አለች። ማንም አያንቀሳቅሳትም፣ ሁሉም ያያታል፣ ስለ ጉድጓዱ አፍ ደግሞ ምንም አትናገርም። ግንበኛው ውሃ የሞላበትን ላስቲክ ቱቦ ዘረጋ፤ በቱቦው ሁለት ጫፍ ያለው ውሃ እኩል ስለሚቆም ከቋጥኟ እስከ ጉድጓዱ ጣሪያ ያለውን ልዩነት ማወቅ ቻልን። የድሮዎቹን ወረቀቶች ተቀብዬ ቀደድኩና አዲሱን ጻፍኩ፤ የጉድጓዱ ሆድ ከአቶ ሞላ ግቢ ሥር የእማማ ዘይነባ ነው፣ ሁለት እርምጃው ከእማማ ዘይነባ ግቢ ለአቶ ሞላ ነው፣ ሁሉም ከቋጥኟ የተለካ ነው። የመግቢያው ሳጥን አሁንም ባዶ ነው። ያን ቀን እማማ ዘይነባ ቤት አደርኩ። «አሁን እንኳ አርፈሽ ተቀመጪ» አሉኝ፤ ሞከርኩ።

ስድስተኛው ቀን

ኬላው ላይ አለቃው መሣሪያዬን አቧራ እንዳይገባበት በራሳቸው ነጠላ ጠቅልለው አስቀምጠውልኝ አገኘኋቸው። «ለካሽ?» አሉኝ። «ሁለቴ ለካሁ» አልኳቸው። ነጠላውን ልመልስ ስል መንገዱ አቧራ ነው፣ ይዘሽው ሂጂ አሉኝ። ወንበሬ ላይ ተሰፍቼ እስከ ደሴ፣ በማግሥቱም እስከ አዲስ አበባ ሳልንቀሳቀስ ሄድኩ።

ከተመለስኩ በኋላ

መሥሪያ ቤት የግራናው መዝገብ ስብሰባ ላይ ቀረበ። «መግቢያው ባዶ ነው፣ ኮምፒውተሩ አልቀበልም ብሏል» አሉ ሰብሳቢው። እኔ ሁለት ነገር ጠየቅሁ። «መግቢያ» የግድ የሚሞላ መሆኑ ይቅር፤ በምትኩ «ከምን ተነሥቶ ተለካ» የሚል የግድ የሚሞላ ሳጥን ይግባ። «የመጀመሪያውን ያስገባሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ። ነኝ አልኩ። ክርክሩ ከአንድ ስብሰባ ወደ ሌላ እየተሻገረ በመጨረሻ ሁለቱም ተፈቀዱ። ሲወጡ ሰብሳቢው «ለማወቅ ያህል፣ አንቺ አፉን አይተሽዋል አይደል? የት ነው?» አሉኝ። «ረስቼዋለሁ» አልኩ። መዝገብ ፊት ስዋሽ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጦርነቱ ተመልሶ ተነሣ። ወደ ሀብሩ የሚደወል ስልክ ሁሉ ዝም አለ። በየቀኑ ለሰይድ እደውል ነበር። ቤቴ ውስጥ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስመላለስ ከሥሬ ያለችው ጎረቤቴ መጥታ «እባክሽ በነጠላ ጫማ ሁኚ» አለችኝ። በጻፍኩት ወረቀት፣ ባስመታሁት ማኅተም ሰው ቢራብስ እያልኩ አስብ ነበር።

ስልኩ ከተለቀቀ በኋላ ሰይድ ራሱ ደወለ። ሰው ሸሽቶ እንደተመለሰ፣ ደህና መሆናቸውን፣ አቶ ሞላ ጣሪያውን ማልበሳቸውን ነገረኝ። «ጉድጓዱስ?» አልኩት። «አውቶቡስ ላይ አንድ ጆንያ ጭነንልዎታል፤ ይቀበሉ» አለኝና ሳቀ።

ጆንያውን አራተኛ ፎቅ ድረስ በትከሻዬ አወጣሁት። ስፈታው ሽታው ወጣ፤ እርጥብ አፈርና ጭስ። ክዳኑን ማንም አላገኘውም ማለት ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጬ እጄን እስከ ክርኔ ማሽላው ውስጥ ከተትኩ። ለረጅም ጊዜ አልተነሣሁም።

ጎረቤቴ ደረጃውን ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ይኼ ሽታ ምንድን ነው?»

«ማሽላ ነው። ከግራና ነው የመጣልኝ።»

«ከግራና የት?» አለችኝ።

ግቢ፣ ተቀመጪ አልኳት እንጂ እሱን አልነገርኳትም።